ከራሽን ብርድ ልብስ የተሰፋ ወፍ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ብርድ ልብስ ላጫውታችሁ። ብርድ ልብስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው እንዳትሉኝ። አውስትራሊያ ውስጥ አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

እንግሊዞች በ1788 ሲድኒ ላይ ሰፈሩና የነባሩን ሕዝብ መሬት እየገፉ ወሰዱ። በደቡብ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሰው ብርዱን የሚችለው ፖሰም ከሚባል የዛፍ እንስሳ ቆዳ በሰፋው ካባ ነበር። የአደን መሬቱ ሲሄድ ካባውም አብሮ ሄደ። መንግሥት በምትኩ በዓመት አንዴ ብርድ ልብስ ማደል ያዘ። ካባው ዝናብ ይከላከላል፣ ብርድ ልብሱ ግን ውሃውን ይጠጣል! ተቀባዩም ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የ1830ዎቹን የእደላ መዝገቦች ታሪክ አጥኚዎች ዛሬም ያገላብጧቸዋል። ልብ በሉ፣ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው የሚያየው ሰጪና ተቀባይ ነው፤ መሬቱ የማን እንደነበር አይናገርም።

ራሽኑ ውሎ አድሮ መሃል በረሃው ድረስ ዘለቀ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ብርድ ልብስ። እዚያ ያለችውን አሊስ ስፕሪንግስን አረርንቴዎች ምፓርንትዌ ይሏታል። ባለአገሮቹ እነሱ ሆነው ሳለ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ ዓመታት ያለ ፈቃድ እንዳይገቡባት ተከልክለው ነበር። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሰፈሩ።

ከነዚያ የዳር ሰፈሮች አንዱ ያረንቲ አልተሬ ነው። ችግር በተደራረበበት ጊዜ፣ በ2000፣ የመማሪያ ማዕከል ተከፈተበት። ሴቶቹ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ይሰበስቡና ከአካባቢው ቅጠል፣ ከሻይና ከዛገ ብረት ጋር ቀቅለው ቀለም ያስይዙታል። ከዚያ ይቆርጡታል፣ ይሰፉታል፣ ውስጡን ይሞሉታል፣ በደማቅ ክር ይጠልፉታል። ወፍ ይሆናል፣ ውሻ ይሆናል፣ ሴት ይሆናል። ማርሊን ሩቡንትጃና ሮንዳ ሻርፕ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው።

ከነሱ ራቅ ብሎ በምዕራብና በደቡብ በረሃ ያሉ ሴቶች ደግሞ ሣር ይሰፋሉ። በአማርኛችን "ስፌት" ስንል ልብሱንም ሰፌዱንም አይደል? እነሱም ሣሩን እየጠቀለሉ በመርፌና በክር ነው የሚይዙት። ቻንፒ የሚባለው ማኅበራቸው በ1995 የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙ በፒትጃንትጃትጃራ ቋንቋ "ሣር" ማለት ነው። በ2005 የፓፑላንኩትጃ መንደር ሴቶች ከሣር የሠሩት ሙሉ ቶዮታ መኪና የነባር ሕዝቦችን አገር አቀፍ የሥነ ጥበብ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሥዕሎቹን ሁሉ በልጦ ማለት ነው! ከዚያ ወዲያ "የሴቶች የእጅ ሥራ ነው" ብሎ ማለፍ ከባድ ሆነ።

ሴቶቹ ሁሉ የራሽኑን ታሪክ እያሰቡ ይሰፋሉ እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ የሚሰፉት የሚያውቁትን ነው፤ ወፉን፣ ቤተሰቡን፣ አገሩን። ለእኔ ትልቁ ነገርም እሱ ነው። በዚያ ዘመን ብርድ ልብሱን የተቀበለችውን ሴት ስሟን እንኳ መዝገቡ ላይ የጻፈው ጸሐፊው ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ በዚያው ዓይነት ጨርቅ ላይ ያየችውን ራሷ ትናገርበታለች።

ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ "ምንጩን ማን ጻፈው?" እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዳንዴ ምንጩ የሚሰፋ ነገርም ይሆናል። እስቲ እናንተም ቤታችሁ ያለውን የእናቶቻችሁን ስፌት ዞር ብላችሁ እዩት፤ ማን እንደሰፋውም ጠይቁ። ሰላም ዋሉ።