ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ በምርጫ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት

በአገራችን ስለ ሴቶች መምረጥና መመረጥ ስናነሳ በቅድሚያ የምንጠራው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስም ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሴት ልጅ መማር አለባት የሚሉ ሰው ስለነበሩ በስዊዘርላንድ እንዲማሩ አደረጓቸው። ከዚያ ተመልሰው በነቀምት አስተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ሲፈቅድ ሴቶችን አልለየም። ነገር ግን ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በስሟ ቤትም መሬትም ለሌላት ሴት ይህ ቀላል መስፈርት አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በ1950 ዓ.ም. መግቢያም እንደራሴ ሆኑ። ቆየት ብሎ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

የአንዲት ሴት ምክር ቤት መግባት ግን የሁላችንንም ጓዳ ወዲያው አልለወጠውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው። ሚስት በሥራዋ ካገኘችው ገቢ በቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እሱ ሆነ። ይህ የተለወጠው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ ስንዱ ይህን ለማየት በቅተዋል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው ይህ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን አብረው ያስተዳድራሉ ይላል። የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይም ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በሒሳብ ክፍል የምንሠራ እኛ ግን ብድር ለመጠየቅ መጥተው ካርታው በማን ስም እንደሆነ የማያውቁ እህቶች ዛሬም ያጋጥሙናል። መብቱ በሕግ ተጽፏል፤ በካርታውና በቁጠባ ደብተሩ ላይ ስማችን መኖሩን ማረጋገጥ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ለውድድር የቀረቡት ያ ሕግ ከመውጣቱ ከ40 ዓመት በላይ ቀድመው ነበር። እኛ ሕጉ በእጃችን እያለ የምንዘገይበት ምክንያት የለንም።