በጎንደር ስለ ሕፃናት የሚጥል በሽታ የተጻፈውን ማን አነበበው?

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ስለ ሕፃናት የሚጥል በሽታ የተጻፈው ነገር በምን መንገድ ወደ እናቲቱ ይደርስ እንደ ነበረ ነው። ጥያቄው ዛሬ ስለ ኢንተርኔት ይነሣል፤ ለጎንደር ግን አዲስ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው ክታብ ነው። ደብተራው ብራናውን በበሽተኛው ቁመት ልክ ቈርጦ፣ ጸሎቱንና አስማቱን በግዕዝ ይጽፍና የክርስትና ስሙን ያስገባበታል፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ ባንገት ይንጠለጠላል። ሰውን ይጥላሉ የሚባሉት ባርያና ሌጌዎን በውስጡ በስማቸው ይጠራሉ። ሕመሙም በሕዝቡ አፍ «የባርያ በሽታ» ይባል ነበር፤ ይህ ስም ለልጅ ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያሻም። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የሰነበተው የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል ጓድ እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወስዷል።

እናቲቱ ግዕዙን አታነብም። ሆኖም ክታቡ እንዲታሰር እንጂ እንዲነበብ አልተጻፈም፤ ለጥያቄዋም ደብተራው በአጠገቧ ነበር። ይህን ስንል ክታብ ያድናል ማለታችን አይደለም፤ ሕመሙ የሚመጣው የአንጎል ሕዋሳት ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ተማሪዎቹ፣ ይኸውም የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች፣ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ ዕውቀቱ ወደ ገበሬው ቤት የገባው በአፋቸው ነው። መጽሐፉ ራሱ አልገባም።

ያልደረሰው ምን ያህል እንደ ነበረ ከጎንደር ርቆ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ያሳያል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ይልቁንም ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ይበዛል። የታወቀ መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በባሕል መድኃኒት፣ በጠበልና በክታብ ይታከሙ ነበር።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ስለ በሽታው ጽሑፍ ያገኛል፤ ነገር ግን ደብተራውም የጤና መኮንኑም በዚያ የሉም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ይከብዳል፤ ይህ በብዙ ጥናት ታይቷል። ለአማርኛው ደግሞ መለኪያው ራሱ ያስቸግራል። ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት የዓረፍተ ነገርን ርዝመትና የቃልን ክፍለ ድምፅ ይቈጥራል። በእኛ ቋንቋ ግን «አልሰጠኋትም» አንድ ቃል ሆኖ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የደባርቅ እናትም ያለ ችግር ትረዳዋለች። በአንጻሩ «ኤፒለፕሲ» አጭር ሆኖ ሳለ አይገባትም።

እኛ ራሳችን ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ባፍንጫው ሲያዝ አይተናል። የሚገባውስ በጎኑ ማስተኛት፣ ካፉም ምንም አለመክተት ነው። ይህ በቀላሉ ይነገራል። ከባዱ የክኒኑ ነገር ነው፤ ፌኖባርቢታል ድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ» የሚል ጽሑፍ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ስለዚህ የጽሑፉን ደረጃ ለማወቅ ፊደል ከመቍጠር ይልቅ፣ ለእናቲቱ አንብቦላት «ልጅሽ ሦስት ወር ሳይወድቅ ቢቈይ ክኒኑን ምን ታደርጊዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን።