ከብራና ኅዳግ እስከ «እስማማለሁ»

በስማዳ ወይም በጋይንት ገበያ መካከል ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ወጣት አዲስ አገልግሎት ለመጀመር «እስማማለሁ» የሚለውን ምልክት በጣቱ ሲጫን ውል መግባቱን ልብ አይለውም። ከምልክቱ በስተጀርባ ግን ብዙ ገጽ ያለው፣ ብዙውን ጊዜም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአገልግሎት ውል ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የውልን ጉዞ ባጭሩ በመቃኘት የእኛን የመሐንዲሶችን ድርሻ ለማመልከት ይሞክራል።

በጎንደር ዘመነ መንግሥት የርስት ስጦታና ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ ዋስ ይጠራል፤ አፍራሹም በውግዘት ይታሰራል። የጽሑፉ ኀይል ከቀለሙ ይልቅ በሰሙትና በመሰከሩት ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚሁ አገር የጋይንቷ ቤተልሔም የታወቀች የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በዚያ ደቀ መዝሙሩ «ዐውቄያለሁ» በማለቱ ብቻ አይታመንም፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ዕውቀቱን ያስመሰክራል እንጂ። እንግዲህ ከጋይንት እስከ እስቴ ያለው ሕዝብ ለቃልና ለምስክርነት የሚሰጠው ክብር ከጥንት የወረሰው ነው።

አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ አገራችን በውድ ዋጋ ተምራለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ለኢትዮጵያ ፈቃድ የነበረውን በኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ክርክሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራራዎች ተደመደመ፤ ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የሰላም ስምምነት ተሻረ። አንድ ቃል የአገርን ዕጣ ሊያናጋ ከቻለ፣ የግለሰብንማ ኑሮ እንዴት አያናጋ!

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሥጋት በሚገባ ተመልክቶታል። በቁጥር 1686 አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ዐውቆ ከተቀበለው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ከደነገገው ወይም ካጸደቀው ነው። በቁጥር 1738 አሻሚው ቃል ውሉን ባዘጋጀው ላይ ይተረጐማል። በቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ እንዲያስገድደው በሥልጣን ባለው ሰው መረጋገጥ ይኖርበታል። የሚያስደንቀው፣ ያን ጊዜ ጣት በወረቀት ላይ ሲያርፍ ሕግ ምስክር ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ያው ጣት በመስተዋት ላይ ሲያርፍ ከጐኑ የሚቆም የለም።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከተለ። ሕጉ አለ፤ የቀረው የሚያነብ ሰውና የሚነበብ ውል ነው።

አንባቢ በማናቸውም የአገልግሎት ውል ቢያንስ አራት ነገር ይመርምር፦ ስለ እኔ ምን መረጃ ይሰበሰባል፤ ለማንስ ይተላለፋል? ውሉ ሳልጠየቅ ሊለወጥ ይችላልን? ጉዳት ቢደርስ ኀላፊው ማን ነው? ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ሕግና ዳኛ ይታያል?

ከዚህም በላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ምልክት የምንሠራው እኛው ነን። ስለዚህ ከምልክቱ በፊት የውሉ ፍሬ ነገር ተጠቃሚው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ባጭርና በግልጽ እንዲቀመጥ፤ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ እንዲሰማ ማድረግ የሙያ ግዴታችን ሊሆን ይገባል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የሚሻገረው ሰው ስሌቱን እንዲያውቅ አይጠብቅም፤ ድልድዩ ግን እንዳይከዳው ይጠነቀቃል። ውልም እንደዚሁ የሚሻገሩበት ድልድይ ነው።