አንዲት ቢት ያመጣችው ጣጣ፦ የፋይል ፈቃድ የሃምሳ ዓመት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን፣ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች እንደ ወትሯቸው ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው የዕለቱን ማስታወቂያ ሲጠብቁ ያላሰቡት ነገር ገጠማቸው። ማሽኑ የተጠቃሚዎችን ሁሉ የይለፍ ቃል ከነስማቸው ይዘረዝርላቸው ጀመር። ሥርዓቱ ሲቲኤስኤስ ይባላል፤ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩ ካስቻሉት ቀደምት ሥርዓቶች አንዱ ነው። ታሪኩንም መሪ ንድፍ አውጪው ፈርናንዶ ኮርባቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ራሱ ተርኮታል።

ለጥፋቱ መነሻ የሆነው የጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ለሥራው የሚፈጥረው ጊዜያዊ ፋይል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ነበረው። በዚያች ሰዓት አንዱ አስተዳዳሪ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃላቱን ዝርዝር ያርሙ ስለነበር ሁለቱ ጽሑፎች ተቀያየሩ። የማስታወቂያው ፋይል ማንም እንዲያነበው የተፈቀደ ነው፤ ፈቃዱም ትክክል ነበር። ትክክል ያልነበረው በፈቃዱ ሥር የገባው ይዘት ነው።

በፈቃድና በይዘት መካከል የተፈጠረው ይህ ክፍተት ከዚያ በኋላ ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ብሏል። ዛሬ የምንተርከው የዚህን ክፍተት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ቢቶች

በ1969 ቤል ቤተ ሙከራ ከማሳቹሴትሱ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ከጀመረው መልቲክስ ከተባለ ግዙፍ ፕሮጀክት ራሱን አገለለ። መልቲክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን ምን ማድረግ እንደሚችል በስም ዝርዝር የሚይዝ፣ ለደኅንነት ትልቅ ቦታ የሰጠ ሥርዓት ነበር። ፕሮጀክቱ ላይ ከሠሩት መካከል ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ፒዲፒ-7 በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ዩኒክስን መገንባት ጀመሩ። በትንሽ ማሽን ላይ ረጅም የስም ዝርዝር መያዝ ቅንጦት ነው። ስለዚህ የፈቃዱን ነገር በጥቂት ቢቶች ቋጩት።

ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ፣ የጠፋች ወይም የበራች ምልክት ናት። ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ለአንድ ፋይል 6 ቢቶችን ይዘረዝራል። ሁለቱ ለባለቤቱ፣ ሁለቱ ለሌላው ሰው የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ናቸው። አምስተኛዋ ፋይሉ እንደ ፕሮግራም መሥራት መቻሉን ታመለክታለች። ስድስተኛዋ ግን ከሁሉም የተለየች ነበረች፤ ሴት-ዩአይዲ ትባላለች።

የይለፍ ቃል መቀየርን እንውሰድ። ቃላቱ የሚቀመጡበት ፋይል ሩት የተባለው የሥርዓቱ የበላይ አስተዳዳሪ ንብረት ነው። ተራ ተጠቃሚ እንዳይጽፍበት ተከልክሏል፤ ቢፈቀድለት የሌላውንም ቃል ይቀይር ነበርና። ይሁን እንጂ ያው ተጠቃሚ የራሱን ቃል መቀየር መቻል አለበት። ሪቺ ይህን ችግር በአንዲት ቢት ፈታው። ሴት-ዩአይዲ የበራችበት ፕሮግራም ያስነሳው ማንም ይሁን ማን የሚሠራው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን ነው። የይለፍ ቃል መቀየሪያው ፕሮግራም የሩት ስለሆነና ቢቷ ስለበራችለት የሩትን ሥልጣን ይዞ ይነሳል፤ የሚሠራው ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው። የጠያቂውን ማንነት ያረጋግጣል፣ የእሱን መስመር ብቻ ይቀይራል፣ ያበቃል።

ሐሳቡ ያን ያህል አዲስ ስለነበር በ1973 በሪቺ ስም የፈጠራ መብት ማመልከቻ ገባለት። በጃንዋሪ 1979 በቁጥር 4,135,240 ተመዘገበ፤ በኋላም ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ተለቀቀ።

ፈጣሪዎቹ አደጋውን ያኔውኑ አይተውታል። የ1971ዱ መመሪያ የፋይልን ባለቤት ስለሚቀይረው ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ሴት-ዩአይዲ የበራችበትን ፋይል ወደ ሌላ ባለቤት ማዛወር ክልክል መሆኑን ይደነግጋል። ምክንያቱንም እዚያው ያስቀምጣል፦ ካልተከለከለ የሰውን ፋይል አላግባብ የሚጠቀም «የትሮይ ፈረስ» መሥራት ይቻላል። አንድ ተንኮለኛ የፈለገውን ፕሮግራም ጽፎ፣ ቢቷን አብርቶ፣ ፋይሉን ለሩት ቢያዛውረው የገዛ ፕሮግራሙ በሩት ሥልጣን ይሠራለት ነበር።

ሪቺና ቶምፕሰን በ1974 ዩኒክስን ለዓለም ባስተዋወቁበት ጽሑፍ የፈቃድ ቢቶቹ 7 ደርሰው ነበር። በ1978 ተሻሽሎ ሲወጣ 10 ሆኑ። ዘጠኙ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑ አባላትና ለሌላው ሰው ለእያንዳንዳቸው የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃድ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ አሥረኛዋ ያቺው ሴት-ዩአይዲ ናት። ዛሬ የዩኒክስን ንድፍ በተከተለው በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ባለሙያ በየቀኑ የሚጽፈው 755 ከዘጠኙ የመጣ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ይቆጠራሉ፤ ባለቤቱ 7 ሲያገኝ ሁሉንም ይችላል፣ 5 የተሰጣቸው ቡድኑና ሌሎቹ ግን ያነባሉ፣ ያስኬዳሉ እንጂ አይጽፉም። ከፊት 4 ተጨምሮበት 4755 ከሆነ ሴት-ዩአይዲ በርታለች ማለት ነው።

በር ላይ የሚቆመው ከርነል

ቢቶቹ በራሳቸው የሚከለክሉት ነገር የለም። የሚከለክለው ከርነል የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ልክፈት ሲል ከርነሉ መጀመሪያ ጠያቂው ባለቤቱ መሆኑን ይመለከታል። ባለቤቱ ከሆነ የሚታዩት የባለቤት ቢቶች ብቻ ናቸው፤ ለሌላው ሰው የተፈቀደ ነገር እንኳ ለባለቤቱ ካልተፈቀደ ይከለከላል። ባለቤቱ ካልሆነ የቡድኑ፣ የቡድኑም አባል ካልሆነ የሌሎች ቢቶች ይታያሉ።

ይህ ፍተሻ የሚደረገው ፋይሉ ሲከፈት ነው። አንዴ የከፈተ ፕሮግራም ፈቃዱ በኋላ ቢነሳም የከፈተውን ይዞ ይቀጥላል። ከፍተሻው ጊዜ ጋር የተያያዘ ትልቅ ስሕተት ሲሠራ ኖሯል። ብዙ የሴት-ዩአይዲ ፕሮግራሞች መጀመሪያ «ይህ ሰው ይህን ፋይል መንካት ይችላል?» ብለው ይጠይቁና ቀጥለው ፋይሉን በስሙ ይከፍታሉ። በጥያቄውና በመክፈቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ለአጥቂ ትበቃዋለች፤ በስሙ ሥር ያለውን ፋይል በሌላ ይተካዋል። ተመራማሪዎቹ ማት ቢሾፕና ማይክል ዲልገር በ1996 ይህንን የስሕተት ዓይነት ለይተው አጥንተውታል።

ለሴት-ዩአይዲና የቡድን ሥልጣን ለምታወርሰው እህቷ ለሴት-ጂአይዲ ደግሞ የከረረ ሕግ ያስፈልጋል። ማህተም የተመታበት ደብዳቤ ጽሑፉ ተፍቆ ሌላ ከተጻፈበት ማህተሙ ዋጋ የለውም። ከርነሉም እንዲሁ፣ ተራ ተጠቃሚ የፋይሉን ይዘት ሲቀይር ወይም ባለቤቱ ሲለወጥ እነዚህን ቢቶች ያጠፋቸዋል። ሥልጣኑ የተሰጠው ለነበረው ይዘት ነውና ይዘቱ ሲሄድ ሥልጣኑም አብሮ መሄድ አለበት።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ያስቸገረው የበሮቹ ብዛት ነው። ይዘት በተራ ጽሕፈት ይለወጣል፤ ፋይሉን በማሳጠር ይለወጣል፤ ፋይሉን ከማህደረ ትውስታ ጋር አያይዞ በመጻፍም ይለወጣል። ፈቃድም በሌላ ትእዛዝ በኩል ይቀየራል። በአንዱ በር ላይ የተረሳ ፍተሻ በሌሎቹ ሁሉ ላይ የቆመውን ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋል።

የተረሱት በሮች

በ2016 በሊኑክስ ላይ የተገኘው ክፍተት የዚህ ዓይነት ነበር። የፋይል ፈቃድ በተራው ትእዛዝ ሲቀየር ጠያቂው የቡድኑ አባል ካልሆነ ከርነሉ ሴት-ጂአይዲን ያጠፋ ነበር። የስም ዝርዝር ፈቃድ በሚያስገባው በሌላኛው መንገድ ሲመጣ ግን ቢቷ እንደበራች ትቀር ነበር።

በጁላይ 2018 ደግሞ ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደኅንነት ምርምር ቡድን ባልደረባ ያን ሆርን የረቀቀ ክፍተት አሳየ። አንድ ዳይሬክቶሪ (የፋይሎች ማኅደር) ሴት-ጂአይዲ ከበራችበት በውስጡ የሚፈጠሩ ፋይሎች የዳይሬክቶሪውን ቡድን ይወርሳሉ። የዚያ ቡድን አባል ያልሆነ፣ ነገር ግን እዚያ መጻፍ የተፈቀደለት ተጠቃሚ አዲስ ፋይል ሲፈጥር ሴት-ጂአይዲ እንድትበራለት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ከርነሉም አይከለክለውም። ተጠቃሚው ባዶ፣ ግን የማያገባውን የቡድን ሥልጣን የተሸከመ ፋይል ይይዛል። በተራው መንገድ ቢጽፍበት ቢቷ ትጠፋለች። ሆኖም ቀድሞ ለፋይሉ ቦታ ካስያዘና ከማህደረ ትውስታ ጋር አያይዞ ከጻፈበት ይዘቱ ይገባል፣ ቢቷም አትጠፋም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ማስተካከያውን ራሱ ጻፈው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኤክስኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት አዲስ ፋይል የሚፈጥርበት የራሱ ኮድ ስለነበረው የ2018ቱ ማስተካከያ አልደረሰውም። ያው ክፍተት እዚያ ቀርቶ ኋላ ላይ ለብቻው መደፈን ነበረበት። በመጨረሻ የከርነሉ ሠሪዎች ፍተሻውን ከየፋይል ሥርዓቱ አውጥተው ሁሉም ወደሚያልፍበት የጋራ ክፍል አዛወሩት። ይህ ለውጥ በ2022 በወጣው ሊኑክስ 6.0 ውስጥ ገባ።

ስምንት ባይት

አንዳንዴ ደግሞ ፍተሻው በቦታው ቆሞ ይዘቱ በሌላ በኩል ይገባል። በኤፕሪል 2021 አንድ የድረ ገጽ አስተናጋጅ ድርጅት ደንበኛ የወረደለት የተጨመቀ መዝገብ አልከፈት ይለዋል። ጉዳዩን የያዘው ጀርመናዊው ፕሮግራመር ማክስ ኬለርማን ነበር። ሌሎች ተመሳሳይ አቤቱታዎችም ተከታተሉ። ኬለርማን የተበላሹትን ፋይሎች ሲያስተያይ ጉዳቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አገኘው፤ የመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች በሌላ ተተክተዋል። ባይቶቹም የዚፕ መዝገብ የይዘት ማውጫ የሚጀምርባቸው ነበሩ። ፋይሉን ለማንበብ ብቻ የከፈተ ፕሮግራም ሳያውቀው ይዘቱን ቀይሮታል ማለት ነው።

ኬለርማን ከወራት ክትትል በኋላ ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ መሆኑን ደረሰበት። በፕሮግራሞች መካከል መረጃ በሚያስተላልፈው ቧንቧ ውስጥ አንዲት ምልክት ቀድማ ሳትጸዳ ትቀር ነበር። በዚህ ሳቢያ ማንም ማንበብ የተፈቀደለት ሰው በማይጽፍበት ፋይል ላይ፣ የሩት የሆኑ የሴት-ዩአይዲ ፕሮግራሞችን ጨምሮ፣ መጻፍ ይችል ነበር። የፈቃድ ቢቶቹ አልተነኩም፤ ሕጉ ግን ጨርሶ ሳይጠየቅ ቀርቷል። በማርች 2022 ይፋ የሆነው ይህ ክፍተት «ደርቲ ፓይፕ» ተባለ። በወቅቱ አዲስ የነበሩት ጉግል ፒክስል 6 እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ22 ሳይቀሩ ተጋላጭ ነበሩ።

ሥልጣንን መቆንጠር

ሃምሳ ዓመት ያስተማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥልጣንን በጅምላ አለመስጠት ነው። ሊኑክስ በ1999 የወጣው 2.2 ከርነል ላይ የሩትን ሥልጣን ወደ ትናንሽ ችሎታዎች መከፋፈል ጀመረ፤ የኔትወርክ መልእክት መላክ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም የሩትን ሁሉ ሥልጣን መያዝ የለበትም። በ2012 ደግሞ አንድ ፕሮግራም «ከእንግዲህ ተጨማሪ ሥልጣን አልወስድም» ብሎ ራሱን የሚያስርበት ስልት ተጨመረ። አንድሮይድ በ2013 በ4.3 ዕትሙ የሚጫኑ አፕሊኬሽኖች የሴት-ዩአይዲ ፕሮግራሞችን በሥልጣናቸው ማስኬድ እንዳይችሉ ዘጋው። የመዝጋቱን ተገቢነት ፒኬኤግዜክ በተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ላይ የተገኘው ክፍተት ያሳያል። በብዙ ሥርዓቶች ላይ ሴት-ዩአይዲ በርታላት የምትኖረው ይህች ትንሽ ፕሮግራም ለማንኛውም ተራ ተጠቃሚ የሩትን ሥልጣን የሚያስረክብ ስሕተት ከ2009 ጀምሮ ተሸክማ ነበር፤ የታወቀው በጃንዋሪ 2022 ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። የደኅንነት ሕግ በየበሩ ለየብቻ ሲጻፍ አንዱ በር ይረሳል። ይህን ያህል ጎበዝ ሰዎች በተረባረቡበት ከርነል ውስጥ የተረሳ ሕግ በሌላ ቦታ አይረሳም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ለባንክም ይሁን ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትም ይሁን ለመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የምትጽፉ ወጣቶች፣ ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ፍተሻ ሁሉም መንገድ በሚያልፍበት አንድ ቦታ ላይ አኑሩት። ሥልጣን የሰጣችሁት ነገር ሲለወጥ ሥልጣኑን አንሱ። አንባቢም አንድሮይድ ስልክዎ በሊኑክስ ከርነል የሚሠራ ነውና የደኅንነት ዝማኔ ሲመጣ «በኋላ» ብለው አይለፉት። ደርቲ ፓይፕን ከየስልኩ ያስወገደው እንዲህ ያለ ዝማኔ ነው።