ከእንዝርት እስከ ብርሃን ዓይን፤ የዙር አቆጣጠር ታሪክ ከኮምቦልቻ የፈትል ሥራ ጋር ተያይዞ ሲታይ

የሚሽከረከርን ነገር ዙር መቁጠር ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ታሪኩን ለመረመረ ሰው ግን አስቸጋሪው ነገር መቁጠሩ ሳይሆን ቆጠራው የታመነ እንዲሆን ማድረጉ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ከደሴና ከኮምቦልቻ የፈትል ሥራ ጋር አያይዞ ማስረዳት ነው። ስለ ውጭ አገር የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች፣ ስለ አገራችን የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በወሎ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ጥጥ ሲፈተል የኖረው በእንዝርት ነው። ፈታይዋ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ስታሾር ዙሩን አትቆጥርም፤ የክሩን መቅጠንና መክረር የሚነግሯት ጣቶቿ ናቸው። ልቃቂቱም ለሸማኔው ሲሰጥ የሚገመተው በዓይንና በእጅ ነው።

ፋብሪካ ግን ጣት የለውም። በፋብሪካ የክር ቁጥር የሚታወቀው ርዝመቱ ከክብደቱ ጋር ተመዛዝኖ ነው። በእንግሊዞች ልማድ ዙሪያው አንድ ያርድ ተኩል በሆነ ማጠንጠኛ ላይ ክሩ 80 ጊዜ ይጠመጠምና 120 ያርድ ሲሞላ ይመዘናል። እንግዲህ መቁጠሪያው ሁለት ዙር ቢዘነጋ በማጠንጠኛው ላይ የ2.5 በመቶ ትርፍ ክር ይገኛል፤ ቀጭኑም ክር ወፍራም ተብሎ ይመዘገባል። ስሕተቱ የሚገለጠው ምናልባት ጨርቁ ተሸምኖ ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ዙር ቆጥሮ ርዝመትን ማወቅ ጥንታዊ ብልሃት ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በመጀመሪያው ምዕት ዓመት እንደ ጻፈው፣ የሠረገላው መንኰራኵር 400 ጊዜ ሲዞር ባለጥርስ ጎማዎች አንዲት ጠጠር በነሐስ ዕቃ ውስጥ ይጥላሉ፤ አንዲት ጠጠር የአንድ የሮማ ማይል ምልክት ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወጡ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመላለሱ የኖሩት የቀድሞ የጭነት መኪናዎች የኪሎ ሜትር ቆጣሪም በመሠረቱ የዚሁ ብልሃት ልጅ ነው። ሆኖም ጥርስ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ከሚቆጥረውም ዘንግ ኃይል ይወስዳል፤ እጅግ ፈጥኖ ለሚዞር ነገር አይመችም።

ስለዚህ የሰው ልጅ ሳይነካ የሚቆጥር ነገር ፈለገ። በ1873 እንግሊዛዊው ዊሎቢ ስሚዝ ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ አስታወቀ። በ1962 ደግሞ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ። ብርሃንን የሚያይና ብርሃንን የሚሰጥ ትናንሽ ዕቃ ሲገኝ፣ ኢንኮደር የሚባለው የብርሃን ዙር መቁጠሪያ በየመኪናው ለመግባት ተመቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ጠርዙ በእኩል ርቀት የተሸነተረ ሳሕን ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ በአንድ ወገን መብራት፣ በሌላው ወገን የብርሃን ዓይን ይቆማል፤ ሽንትሩ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ አንድ ምልክት ይሰጣል።

ነገር ግን አንድ ዓይን ብቻውን ይታለላል። ሽንትሩ ልክ ከዓይኑ ፊት ላይ ሳለ መኪናው ቢቆምና ወለሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ሳሕኑ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ዓይኑ ሁሉንም ወደ ፊት እንደ መሄድ ይቆጥረዋል። መድኃኒቱ ምልክቱ ከመጀመሪያው በሩብ የሚዘገይ ሁለተኛ ዓይን መጨመር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ ሲታይ አቅጣጫው ይታወቃል፤ የኋሊት የሄደውም ከቆጠራው ይቀነሳል።

ሁለተኛው ችግር መብራት ሲጠፋ ቆጠራው መጥፋቱ ነው። ለዚህ ሲባል በሳሕኑ ላይ እያንዳንዱን ቦታ በቁጥር መጻፍ ተጀመረ። በተለመደው የሁለትዮሽ አጻጻፍ ግን ከ7 ወደ 8 ሲታለፍ 0111 ወደ 1000 ይለወጣል። አራቱ ምልክቶች እኩል ካልተለወጡ ንባቡ በመካከል ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ይሆናል። የቤል ላቦራቶሪው ፍራንክ ግሬይ በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት አጻጻፍ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው ሲታለፍ አንድ ምልክት ብቻ እንዲለወጥ ያደርጋል፤ 7 በ0100፣ 8 በ1100 ይጻፋል። ስለዚህ በመሸጋገሪያው ላይ ቢነበብ እንኳ መልሱ ወይ 7 ወይ 8 ነው።

ሦስተኛው ጠላት የቦታው ጠባይ ነው። በፈትል ክፍል የጥጥ ብናኝ ይበራል፤ ክሩ እንዳይበጠስም አየሩ እንዲረጥብ ይደረጋል። ብናኙ ሽንትሩን ይደፍናል፤ እርጥበቱ መስተዋቱን ያደበዝዛል። ስለዚህ መልካም መቁጠሪያ ከሁሉ አስቀድሞ በደንብ የታሸገ ነው። ሳሕኑም ከዘንጉ መካከል ጥቂት ቢዛነፍ በየዙሩ የሚመላለስ ስሕተት ያመጣል፤ ትይዩ የቆሙ ሁለት አንባቢዎች ሲኖሩ ግን የአንዱ ትርፍ በሌላው ጉድለት ይካካሳል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ተቋቋመ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመረቀ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ በፋብሪካዎች ላይ ዘረፋና ጥፋት ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመኪናው ብረት ቢተርፍ እንኳ፣ በመዳፍ የምትያዝ አንዲት የብርሃን ዓይን ስትጠፋ መኪናው ዕውር ሆኖ ይቆማል። ምትኩ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የሠረገላው ጠጠር፣ ሁለተኛው ዓይንና የግሬይ አጻጻፍ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ እምነት የሚገኘው ስሕተት እንደማይመጣ በመገመት ሳይሆን፣ ሲመጣ ትንሽ እንዲሆን ወይም ራሱን እንዲገልጥ አስቀድሞ በማሰናዳት ነው። የተሸነተረ ሳሕን መሥራት፣ ሁለት ዓይን ማቆምና በጥጥ ብናኝ ውስጥ መፈተን በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላለ ተማሪ ከዐቅም በላይ አይደለም። ፈታይዋ ክሯ ሲበላሽ በጣቷ ታውቃለች፤ ወዲያውም ታቃናለች። የፋብሪካውንም ጣት እኛው ልናውቀውና ልንጠግነው ይገባል።