ጋብቻ በመድረክና በሸንጎ፤ የ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ድራማና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰማንያ

የኖርዌዩ ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» የተባለውን ድራማ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመበትና ድራማው በኮፐንሃገን ንጉሣዊ ቴአትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ወቅት፣ ተመልካቹን ያስደነገጠው የፍጻሜው ትዕይንት ነበር። ኖራ የተባለችው ባለ ትዳር ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። በጀርመን አገር ዋናዋ ተዋናይት ልጆቿን ጥላ የምትሄድ እናት ሆና አልጫወትም በማለቷ፣ ደራሲው ሳይወድ ሌላ ፍጻሜ ለመጻፍ ተገዷል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይህ ድራማ የጋብቻና የሴት መብት ጥያቄ በመድረክ ላይ የቀረበበት ዋነኛ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል።

የድራማው ግጭት የሚነሣው ከአንድ የሕግ ክልከላ ነው። ባሏ በታመመ ጊዜ ኖራ ለማሳከሚያ የሚሆን ገንዘብ መበደር ፈለገች። ይሁን እንጂ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር ስለማትችል የአባቷን ፊርማ አስመስላ ፈረመች። ወንጀለኛ ያደረጋት ባሏን ለማዳን የፈጸመችው ተግባር ነው። የዘመኑ አውሮፓ ሕግ በብዙ አገሮች ይህን የመሰለ ነበር። በፈረንሳይ የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ ያዝዛል፤ ፍቺም ከ1816 እስከ 1884 ድረስ ተከልክሎ ነበር። በእንግሊዝ ያገባች ሴት የራሷን ንብረት በስሟ እንድትይዝ የተፈቀደው በ1882 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። የኖርዌይ ተመሳሳይ ሕግ የወጣው በ1888፣ ማለት ድራማው ከታየ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በሩስያም ኦስትሮቭስኪ በ1859 ባቀረበው «ነጎድጓድ» ውስጥ ካተሪና ከአማቷ ጭቆና የምታመልጥበት መንገድ ስላልነበራት ራሷን ወንዝ ውስጥ ትጥላለች። ፍቺ በሌለበት አገር የትዳር ድራማ ፍጻሜው ሞት ወይም ኮብላይነት መሆኑ አያስገርምም።

በኢትዮጵያ በዚያ ምዕተ ዓመት የተጻፈ የመድረክ ድራማ አልነበረም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የቀረበው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ነው። የትዳር ክርክር ግን አልጠፋም። የሚታየው በሽማግሌ ጉባኤና በዳኛ ሸንጎ ነበር። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆ በሚዘልቀው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ እንደ ቀሪው የበጌምድርና የጎጃም አገር ሁሉ፣ ባልና ሚስት የሚጣመሩት በዋነኛነት በሦስት ዓይነት ጋብቻ ነው፤ እነርሱም የቁርባን፣ የሰማንያና የደመወዝ ጋብቻ ናቸው።

ከእነዚህ እጅግ የተስፋፋው ሰማንያ ሲሆን፣ ይዘቱ በሽማግሌዎች፣ በዋሶችና በምስክሮች ፊት የሚደረግ ውል ነው። ሁለቱ ወገኖች ለጎጆው የሚሰጡት ከብትና ሌላ ሀብት ይቆጠራል፤ ጋብቻው ቢፈርስ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣም ከዚህ ይታወቃል። ፍቺ ሲመጣ እያንዳንዱ ወገን ይዞት የገባውን ያነሣል፤ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት የመውረስ መብት ስለ ነበራት፣ ከባሏ ብትለይ የወገኖቿን ደጅ ትመለከታለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገሪቱ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች በፍቺው ቅለት ሲደነቁና ሲነቅፉ ይገኛሉ። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚም በጎንደር ዘመን የመሬት መዛግብት ላይ ባደረገው ጥናት ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲሸጡና ሲገዙ እንደ ነበር አሳይቷል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የኖራ ክስ በጋይንት ሸንጎ ቢቀርብ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። የእስቴ ባለ ርስት ሴት ስለ ንብረቷ ዋስ ጠርታ፣ ሽማግሌ ሰብስባ መሟገት ትችላለች። ከባሏ ቤት መውጣቷም አገር የሚያናውጥ ነውር አልነበረም። ለአካባቢው ሰው ከኖራ ይልቅ የሚቀርበው የቼኾቭ አጭር ኮሜዲ «የጋብቻ ጥያቄ» ነው። በ1888 በተጻፈው በዚህ ሥራ ለጋብቻ ጥያቄ የመጣው ሰው ጉዳዩን ሳይናገር ከልጅቷ ጋር ስለ አንድ መስክ ባለቤትነት ይጣላል። ጋብቻና የመሬት ሙግት ተለያይተው በማያውቁበት የርስት አገር ይህ ቀልድ ማብራሪያ አይፈልግም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የበጌምድር ሴት ነጻ ነበረች ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው። መብቱ ቢኖርም ሦስት ነገሮች ያጠቡት ነበር።

የመጀመሪያው ማረሻ ነው። በሰሜኑ የእርሻ ሥርዓት ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ታዘጋጃለች፣ ውሃና እንጨት ትሸከማለች፤ በሬ ጠምዳ ግን አታርስም። ስለሆነም ርስቷ የሚታረሰው በባሏ፣ በወንድሟ ወይም በእኩል አራሽ እጅ ነው። የፈታች ሴት ርስት ይዛ ብትወጣ ከምርቱ ለአራሹ ማካፈል ነበረባት። በዚህም ላይ ሙሽሪት ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ፣ ርቃ የምትኖርበትን የወላጆቿን ርስት በቅርብ ያሉት ወንድሞቿ እያረሱ መቆየታቸው የተለመደ ነው። መብቷ በዘር ቈጠራ ቢጸናም በይዞታ ይላላ ነበር።

ሁለተኛው የጋብቻ ዕድሜ ነው። ሰማንያው በሁለት ወገን ስምምነት የሚደረግ ውል ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ጋብቻ የሚስማሙት ወላጆች ናቸው። ልጅቱ ብዙ ጊዜ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ትዳራለች፤ አንዳንዴም በአማቶቿ ቤት እንድታድግ ትሰጣለች። ሴቲቱ በራሷ ቃል የምትዋዋለው በሁለተኛው ጋብቻ፣ ያም ከፍቺ በኋላ ነው። የፍቺው ቅለት አንዱ ምክንያትም ይኸው ያለ ፈቃድ የተደረገ የመጀመሪያ ጋብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው አንደበት ነው። የዘመኑ ሙግት ራሱን የቻለ ቴአትር ነበር። «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት ተሟጋቾች በትር ይዘው፣ በግጥምና በምሳሌ እየተወራረፉ፣ በተመልካች ፊት ይከራከራሉ። ይህ የንግግር ጥበብ የወንድ ሙያ ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ ሴቶች ጉዳያቸውን በዘመድ ወይም በነገረ ፈጅ አፍ ያስነግሩ ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ይህን ሁኔታ በአጭሩ ይገልጻል። ዳኛውም ሽማግሌውም ወንድ ነበር።

ከሰማንያ ውጭ ያሉት ሁለቱ ጋብቻዎች ደግሞ የሥርዓቱን ዳርና ዳር ያሳያሉ። በደመወዝ የገባች ሴት ለጊዜው በተወሰነ ክፍያ የምትኖር ስለሆነች ከንብረቱ ድርሻ የላትም። የቁርባን ጋብቻ ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እስከ ሞት የሚጸና ነው። እንደ ዙር አምባና ቤተልሔም ያሉ የዜማ ትምህርት አድባራት በሚገኙበት በጋይንት፣ የቁርባን ሕግ በይበልጥ ያሰረው ካህናትን ነው፤ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ክህነቱን ሳያጣ ሌላ አያገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ከነገሡ በኋላ ሕዝቡ እቁባት ትቶ በቁርባን እንዲጋባ ቢያውጁም፣ ልማዱ ግን በአዋጅ አልተለወጠም። የንጉሡ የራሳቸው ጋብቻዎችም ከፖለቲካ የተለዩ አልነበሩም። እቴጌ ተዋበች ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት የራስ ዓሊ ልጅ ናቸው፤ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ በ1855 በደረስጌ ድል የተነሡት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ የታረቁ፣ የኋለኛዋ የተሸነፉ ወገኖች ልጅ ናቸው። በኋላ ዘመን በቴዎድሮስ ታሪክ ላይ የተደረሱ ድርሰቶች የእነዚህን ሴቶች ባሕርይ ሲቀርጹ ይህን የውል መሠረት ማስታወስ ይገባቸዋል።

የነገሩ ምጸት የታየው በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ። ሐሳቡ በፍትሐ ነገሥትም እንግዳ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በሰማንያ ውል ሲሸመገል ለኖረው ሰው የኖራ ዘመን ሕግ በአዲስ ልብስ መምጣቱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ሕግ ርስትን ሲሽር፣ ድልድሉ በቤተሰብ ኀላፊ ስም በመደረጉ ያገባች ሴት በትውልዷ የምትጠይቀው ድርሻ አብሮ ቀረ። የባል የበላይነት ድንጋጌ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። በመሬት ይዞታ ደብተርም ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት መጻፍ ጀመረ።

እንግዲህ የኢብሰን ድራማ በአማርኛ መድረክ ሲቀርብ፣ ወይም የገጠር ትዳር በፍርድ ቤት ሲመረመር፣ አውሮፓ የታገለችው በሕግ ከተጻፈ ክልከላ ጋር መሆኑን፣ የጋይንትና የስማዳ ሴት ደግሞ የታገለችው መብቷን ሥራ ላይ ማዋል ከሚከለክላት ልማድ ጋር መሆኑን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ሕግ ማሻሻል መድኀኒት ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛው ግን ማረሻውን፣ የጋብቻውን ዕድሜና የሸንጎውን አንደበት መመርመር ይቀድማል።