በቶርኖ ማሽን በማያልፍ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጣት

ምንነት
የማያልፍ ቀዳዳ ማለት መጨረሻው የተደፈነ፣ በሌላው ወገን የማይወጣ ቀዳዳ ነው። በውስጡ ብሎን የሚታሰርበትን ጥርስ በቶርኖ ማውጣት የሚጠይቀው ዋና ብቃት መቁረጫው ከቀዳዳው ወለል ጋር ሳይጋጭ በወቅቱ ማቆም ነው። ግጭት ከተፈጠረ መቁረጫው ይሰበራል፤ ብዙ የተደከመበት ዕቃም ሊበላሽ ይችላል። በጣና ዳርቻ ለመስኖ የሚያገለግል የውኃ ፓምፕ ወይም የእህል ወፍጮ አካል ሲጠገን እንዲህ ያለ ሥራ ሊያጋጥም ይችላል።

የሙያው መነሻ በባሕር ዳር
የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቁሟል። ኢንስቲትዩቱና በኋላ «ፔዳ» የሚለውን ስም ለግቢው ያተረፈው የፔዳጎጂ አካዳሚ የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ናቸው።

ቅድመ ዝግጅት
ለምሳሌ 20 ሚ.ሜ. ውፍረትና 2.5 ሚ.ሜ. ፒች (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለ ርቀት) ላለው ብሎን፦
1. ቀዳዳው በ17.5 ሚ.ሜ. ስፋት ይዘጋጃል፤
2. ብሎኑ በብረት ውስጥ የሚያዝበት ጥልቀት ቢያንስ የውፍረቱን ያህል፣ ማለትም 20 ሚ.ሜ. ይሆናል፤
3. ከጥርሱ መጨረሻ በኋላ የፒቹን ሦስት እጥፍ ያህል፣ 7.5 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ማረፊያ ቦይ ይወጣል። የቦዩ ዲያሜትር ከ20 ሚ.ሜ. በጥቂቱ ይበልጣል፤
4. መቁረጫው በ60 ዲግሪ ይሳላል፤ የሚቆምበት ጥልቀትም በመያዣው ላይ ምልክት ይደረግበታል።

አሠራር
ማሽኑ በደቂቃ 100 ዙር ቢዞር መቁረጫው በየሰከንዱ ከ4 ሚ.ሜ. በላይ ይጓዛል፤ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት 2 ሚ.ሜ. ያህል ያሳልፈዋል። ስለሆነም በዝቅተኛ ዙር፣ በየጊዜው በጥቂቱ እየጨመሩ መቁረጥ ይገባል። መቁረጫው ቦዩ ላይ ሲደርስ ጉዞው ይቆማል፤ ከጥርሱ ተላቅቆም ይወጣል። ፍቅፋቂው ከተደፈነው ጫፍ ስለማይወጣ በየዙሩ መጽዳት አለበት።

ሌላው አማራጭ ከውስጥ ወደ ውጭ መቁረጥ ነው። መቁረጫው ቦዩ ውስጥ ይቀመጥና ማሽኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል፤ ስለታም ፊቱም ወደ ታች ይገለበጣል። በዚህ መንገድ መቁረጫው ከወለሉ እየራቀ ስለሚሄድ የግጭት ሥጋት ይቀንሳል። ነገር ግን ቻኩ በጥርስ ብቻ የታሰረ ማሽን ላይ ይህ አይፈቀድም፤ በተቃራኒ ዙር ተፈትቶ ሊወድቅና የአካል ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ደኅንነት
የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። ጓንት፣ የተንጠለጠለ ልብስና ጌጥ የተከለከሉ ናቸው። ፍቅፋቂ ማሽኑ ሳይቆም፣ ቆሞም ቢሆን በእጅ አይነሳም። ጣትም ወደ ቀዳዳው አይገባም።

ሥራ ለሚያሠሩ ተገልጋዮች
ደንበኛው የተበላሸውን አካል ከሚገጥመው ብሎን ጋር ይዞ መቅረብ ይኖርበታል፤ የሜትሪክ ጥርስ 60፣ የዊትዎርዝ ጥርስ ደግሞ 55 ዲግሪ ስለሆነ አንዱ በሌላው አይተካም። ሥራውን ሲረከብም ብሎኑ ሳይላላና ሳይጨናነቅ በእጅ እስከሚፈለገው ጥልቀት መግባቱን ማረጋገጥ ይገባል።